ስም የሌለው ፎቶ፦ ለቀድሞ ትምህርት ቤቴ ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ቤታችን ባለአደራ ቦርድ
ለታሪክ መጽሐፉ አዘጋጅ ኮሚቴ
ግልባጭ፦ ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር

ጉዳዩ፦ ገጽ 74ን ስለማስተካከል

የተከበራችሁ የቦርዱና የኮሚቴው አባላት፣

በቅድሚያ የመጽሐፉን ረቂቅ ለቀድሞ ተማሪዎች ስለላካችሁ አመሰግናለሁ። በሁለት ምሽት ጨረስኩት። ብዙ ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። የድሮው ደወል ሦስት ጊዜ ተሰርቆ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጥበቃ ቤቱ ጓሮ የተገኘበት ታሪክ ግሩም ነው። ስለ ምግብ ቤቱ ሠራተኞች የተጻፈው ደግሞ ሆድ ያባባል።

ገጽ 74 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ገጹ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። የላይኛው የዚያ ዓመት የእግር ኳስ ቡድን ነው። ከሥሩ የአሥራ አንዱም ልጆች ስም ከነአባታቸው ተዘርዝሯል። የቆሙት ከግራ ወደ ቀኝ፣ የተንበረከኩት ከግራ ወደ ቀኝ። ጥግ ላይ የቆመው ተቀያሪ በረኛ እንኳን አልቀረም። የታችኛው ፎቶ ላይ ስድስት ልጃገረዶች የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የተጻፈው «የመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች» የሚል ነው። በቃ፣ አለቀ።

ከግራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ፊቴን አጨማድጄዋለሁ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኛ ግን ከፎቶ ሥር እንኳን ሳይውል ቀረ።

ይህን የምጽፈው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ትንሽ ለመውቀስም ነው፤ አልዋሽም። መዝገብ ጠፍቶብን ነው እንዳትሉኝ ግን አደራ። መዝገቡ አለ። ገጽ 61 ላይ ራሳችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትማችሁታል። ገለጥ ብታደርጉት ስማችን ከተራ ቁጥር 38 እስከ 43 አለ፤ ከወንዶቹ ስም በቀይ መስመር ተለይቶ። ቀዩን መስመር ማን እንዳሰመረው አላውቅም። እኛ ግን ለዓመታት «ከመስመር በታች» ተብለን ሙድ ተይዞብናል። ይኼም ታሪክ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ረቂቁ ስለ እኛ የሚናገረው በጠቅላላው አራት ዐረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ትምህርት ቤቱ ለእኩልነት ባለው ጽኑ እምነት በሩን ለሴት ልጆች ከፈተ።»

እስቲ ቆይ። እምነቱን አልክድም፤ ከልባቸው የደገፉን መምህራን ነበሩ። ግን ያን ጊዜ አዳሪ ቤቱ ግማሹ ባዶ ነበር። የላይኛው ፎቅ ተቆልፎ፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ አቧራ ለብሶ ነበር። መንግሥት በጀት የማይመድብለት፣ በተማሪ ክፍያና በልገሳ የሚኖር የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ባዶ አልጋ አይችልም። የዚያን ጊዜው ሒሳብ ሹም ለአባቴ የነገሩትን አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ኖሯል። «ወንዶቹ እያነሱብን ነው። እስቲ ሴቶቹን እንሞክር።»

የገባነው በዚህ መንገድ ነው። ለሙከራ።

ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ትልልቆቹ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ አንድ ቀን ጠዋት ፍትሕ በራላቸው ብለን አንሸወድ። የእንግሊዝን ተመልከቱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ማርልበሮ ኮሌጅ በ1843 ለቀሳውስት ወንዶች ልጆች የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በ1968 ሴቶችን ተቀበለ፤ ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት ብቻ። በሁሉም ክፍል ለመቀበል እስከ 1989 ቆየ። ቻርተርሀውስ የተመሠረተው በ1611 ነው። በ1971 የላይኞቹን ሁለት ክፍሎች ለሴቶች ከፈተ። ከታች፣ ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ መግባት የቻሉት ግን በ2021 ነው። ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ለመውረድ ድፍን 50 ዓመት ፈጀ ማለት ነው! ዊንቸስተር ደግሞ በ1382 ተመሥርቶ የመጀመሪያዎቹን ሴት ተማሪዎች የተቀበለው በ2022 ነው። እሱም በላይኞቹ ክፍሎች፣ በተመላላሽነት። 640 ዓመት አስቦበት። ኢተንና ሃሮ እስካሁን የወንድ ብቻ ናቸው።

ለምን ከላይ ጀመሩ? መልሱ ብዙ አያስቸግርም። ዘመኑ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በር የሚከፍቱበት ነበር። የአሜሪካዎቹ የልና ፕሪንስተን በ1969፣ አምስት የኦክስፎርድ የወንድ ኮሌጆች በ1974። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆችም ከሴት ጋር መማር ይፈልጉ ነበር፤ ትምህርት ቤት ቀይረው እንዳይሄዱ ማባበያ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ላይ በዚያ ዕድሜ የምትመጣ ሴት ልጅ ተመርጣና ተፈትና ስለምትገባ ጎበዝ ናት። ውጤት ይዛ ትመጣለች፤ ክፍያም ትከፍላለች። ጎበዞቻቸውን የተነጠቁት የሴቶች ትምህርት ቤቶች ምን እንዳሉ መገመት ትችላላችሁ።

ከልቡ ያመነ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። በእዚያው በእንግሊዝ ጆን ባድሌይ ቢዴልስ የተባለውን ትምህርት ቤቱን በ1893 ከፍቶ ገና በአምስተኛው ዓመት፣ በ1898፣ ሴቶችን አስገብቷል። ማንም ሳያስገድደው፣ ቪክቶሪያ ገና ንግሥት ሳለች። እንዲህ ያለውን «ጽኑ እምነት» ብትሉት እቀበላለሁ። የእኛን ግን እንደነበረ ጻፉት። አንባቢ አይቀየምም። እንዲያውም የተጠቀለለው ፍራሽ ታሪክ ከጽኑ እምነት ታሪክ ይልቅ ይነበባል።

አሁን ወደ ወጉ ልምጣ። ረቂቁ ውስጥ «ወግ» የሚለው ቃል በየገጹ አለ። «ሴቶች ሲመጡ ወጋችንን ጠብቀን ቆየን» የሚል ዐረፍተ ነገርም አይቻለሁ። እንግዲህ የቆየው ወግ እኛን እንዴት እንዳስተናገደን ትንሽ ላውጋችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ደንብ ታድሎን ነበር። ሰማያዊ ልባስ ያላት ትንሽ ጥራዝ። ታስታውሷት ይሆናል። ደንቡ ሁሉ የተጻፈው በወንድ አንቀጽ ነበር። ተማሪው ይነሳል፣ ተማሪው ይሰለፋል፣ ተማሪው ይቀጣል። ቋንቋችን ደግሞ በዚህ አይምርም፤ እያንዳንዱ ግስ ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር 9 ላይ «ተማሪው ፀጉሩን ከሁለት ጣት በላይ እንዲያሳድግ አይፈቀድለትም» ይላል። ከእኛ መካከል ወገቧ ድረስ የሚወርድ ሹሩባ የነበራት ልጅ ነበረች። ደንቡን ይዛ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኔንም ይመለከታል?»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ደንቡን አዩ። ሹሩባውን አዩ። እንደገና ደንቡን አዩ። «ለጊዜው አትንኪው» አሉ። ያ «ለጊዜው» እስክንመረቅ ቆየ። ደንቡ አልተሻሻለም፤ ፀጉሯም አልተቆረጠም። ትምህርት ቤቱ የተቀበለን ባጠቃላይ በዚህ ዓይነት ነበር። ማንም አይከለክልም፤ ማንም ደግሞ ደንቡን አይቀይርም። ለጊዜው።

መምህራኑ ከልማድ «አንተ» ይሉን ነበር። «አንተ፣ ተነስ!» ተብላ ከመቀመጫዋ ያልተነሳች አንድም ሴት የለችም። የስም ጥሪ ላይ «አቤት» ስንል ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየን ነበር። ይህ ለሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ከዚያ ሰለቻቸው።

ሽንት ቤት አልነበረንም። ይህን ደግሜ ልጻፈው፦ ሽንት ቤት አልነበረንም። ፕላኑን የሠራው ሰው ሴት በዚያ ግቢ ትውላለች ብሎ አላሰበም። ለአንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት የመምህራኑን እንድንጠቀም ተፈቀደልን። እሱ ከስታፍ ሩሙ ጀርባ ነው። ቁልፉ ያለው ጸሐፊዋ ጋ ነው። ቁልፉ እንዳይጠፋ ደግሞ ክንድ የሚያህል እንጨት ታስሮበታል። እስቲ አስቡት፤ በአሥር ሰዓት ዕረፍት ሦስት መቶ ወንዶች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ መሀል ያን እንጨት ይዞ ማቋረጥ። ጠዋት ውኃ አለመጠጣት የተማርኩት እዚያ ነው። ረቂቁ ስለ አዲሱ የስፖርት አዳራሽ ሁለት ገጽ አለው። ስለ ሴቶች ሽንት ቤት መሠራት አንድ መስመር የለውም። ለእኔ ከአዳራሹ ይልቅ ያ ትንሽ ቤት ትልቅ ሕንፃ ነበር።

አንድ የሒሳብ መምህር ደግሞ ነበሩ። የመጀመሪያውን ፈተና ሲመልሱ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣችው ከእኛ አንዷ ሆነች። ወረቀቱን ሰጥተዋት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ? በሁለተኛው ፈተናም እሷው አንደኛ ሆነች። ያን ቀን ምንም አላሉም። በሦስተኛው ወረቀቱን ሲሰጧት «በርቺ» አሉ። «በርታ» አይደለም፤ «በርቺ»። ሰውየው በኋላ ከሁሉም የምንወዳቸው መምህር ሆኑ። ይህን የምነግራችሁ እሳቸውን ለማሳጣት አይደለም። ሰው ሲለወጥ በዓይናችን ስላየን ነው። መጽሐፉ ሁሉንም ከመጀመሪያው ቅን አድርጎ ሲያቀርብ የዚያን መምህር ትልቁን ሥራ ይሰርቅባቸዋል።

ወግ ጥንታዊ ነው የሚለውም ነገር መፈተሽ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ዲርፊልድ የሚባል አካዳሚ አለ። በ1797 የተመሠረተ ነው። በ1989 ሴቶችን ሲቀበል ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች ወጋችን ፈረሰ ብለው አዘኑ። ነገሩ ግን ትምህርት ቤቱ ቀድሞም ሴቶች ይማሩበት ነበር። የወንድ ብቻ የሆነው በ1948 ነው። የፈረሰው ወግ ዕድሜው 41 ዓመት ብቻ ነበር! ሰው እሱ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ያየውን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። እኔም ጭምር። የዛሬ ልጆች ዩኒፎርሙ ላይ ያደረጉትን ለውጥ ሳይ «ኧረ ምን ጉድ ነው» ብያለሁ።

ስለዚህ አሮጌውን አጥፉ እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ በተለይ በመዝሙሩ። የትምህርት ቤታችን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር «ወንድሞች» ነው። ቃሉ ይቀየር የሚሉ አሉ፤ ማኅበሩም ሁለት ስብሰባ በዚሁ ጨቃጭቆናል። እኔ አይቀየር ባይ ነኝ። ያን መዝሙር በየማለዳው ሰልፍ ላይ ዘምሬዋለሁ። «ወንድሞች» የሚለው ጋ ስንደርስ ስድስታችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጮህበት ነበር። የእኛ ቀልድ ነው፤ አትውሰዱብን። ከፈለጋችሁ ግን አንድ ስንኝ ጨምሩበት።

መጨመር ስል አንድ የማልረሳው ምሳሌ አለኝ። ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ የሚባል፣ በ1781 የተመሠረተ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ነው። ከዋናው ሕንፃ በር በላይ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አለው። ወደ እኛ ሲመለስ «ብላቴኖች ሆይ፣ ወንዶች ትሆኑ ዘንድ ወደዚህ ኑ» እንደማለት ነው። በ1970 ሴቶች ገቡ። ለ26 ዓመት በዚያ በር ሥር እያለፉ ተማሩ፤ በሩ ላይ የተጠሩት ግን ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። በ1996 ሌላ የላቲን ጽሑፍ ተጨመረ። እሱ ወንዶችንም ሴቶችንም ይጠራና በጎነትንና ዕውቀትን እዚህ ፈልጉ ይላል። አሮጌውን አልፋቁትም። ሁለቱንም የሚያነብ ልጅ ትምህርት ቤቱ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ተቃራኒውም አለ። አቦት አካዳሚ በ1829 የተከፈተ የአሜሪካ የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር። በ1973 ከጎረቤቱ ከወንዶቹ ፊሊፕስ አካዳሚ ጋር ተዋሐደ (ከላይ ካልኩት ፊሊፕስ ኤክሰተር የተለየ ነው)። የተዋሐደው ትምህርት ቤት ስም ምን ሆነ? ፊሊፕስ አካዳሚ። 144 ዓመት የቆየ ስም ከበሩ ላይ ወረደ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ የወንዶቹ ቾትና የሴቶቹ ሮዝመሪ ሆል፣ ሲጣመሩ ሁለቱንም ስም ያዙ። ዛሬም ቾት ሮዝመሪ ሆል ይባላል። ሲጠሩት ረዘም ይላል። ይርዘም፤ ምን ገደደን?

የሴቶች ብቻ ይሻላል ወይስ ቅልቅል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። የእህቴ ልጅ የሴቶች ትምህርት ቤት ተምራ አብባለች። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጣጣ መሀል የኖርኩትን ሕይወት በሌላ አልለውጠውም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ገጽ 74 ላይ ስማችንን ጻፉ። እዚህ ደብዳቤ ላይ ያልጻፍኩት የሁሉንም ፈቃድ ስላልጠየቅኩ ነው። ለኮሚቴው ግን ዝርዝሩን በታሸገ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከነአባት። አንዷ በሕይወት የለችም። የእሷን ከልጇ ጠይቄ ፈቃድ አግኝቻለሁ። «ጽኑ እምነት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አውጡና የሒሳብ ሹሙን አስገቡ። የቀይ መስመሩን መዝገብ ገጽ እንዳለ አትሙት። የሒሳብ መምህሩን፣ የቁልፉን እንጨትና ሹሩባውን ራሴ ጽፌ እሰጣችኋለሁ። አትከፍሉኝም።

አዳራሹ ውስጥ ያለው የክብር ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፉት የተማሪ አለቆች ስሞች ደግሞ ባሉበት ይቆዩ። ሰሌዳው ሞልቷል፤ አዲስ ይሰቀል ተብሎ ሲወራ ሰምቻለሁ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን ስቀሉት እንጂ ሌላ ክፍል እንዳትወስዱት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ገጽ 112 ላይ ከዛፉ ሥር ያለው የተመራቂዎች አግዳሚ ወንበር ፎቶ አለ። «እያንዳንዱ ተመራቂ ክፍል ስሙን የቀረጸበት» ትላላችሁ። እኛ በተመረቅንበት ዓመት ክፍላችን ሲቀርጽ ስድስታችንም ኮምፓሳችንን ይዘን ሄድን። ቦታ የለም፣ ሞልቷል ተባልን። እውነትም ሞልቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የወንዶቹ የመጨረሻ ስም ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ነው የገባው። ተመልሰን ሄድን። ማታ ከጥናት ሰዓት በኋላ ግን ተመልሰን መጣን። ሁለት ባትሪ፣ ስድስት ኮምፓስ። በጀርባችን ሣሩ ላይ ተኛን። ፍቅፋቂው ዓይናችን ውስጥ ይረግፍ ነበር። አንዷ ሳቋ መጥቶባት አፏን በሻርፕ አፈንንላት።

ወንበሩ ለበዓሉ ቀለም ሊቀባ ነው አሉ። ቀቢው ሥራ ሳይጀምር ገልብጡትና ፎቶ አንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከግራ ሁለተኛዋ